«ሠራተኛ የሚተካ» ኤጀንት ሊሸጡላችሁ ሲመጡ ውሉን አንብቡት

ሰሞኑን ለድርጅቶች በብዛት የሚሸጥ ነገር «ኤአይ ኤጀንት» ነው፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራን ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። የሻጮቹ ንግግር አንድ ዓይነት ነው። ትእዛዝ ይቀበላል፣ ኢንቮይስ ይመዘግባል፣ ለደንበኛ መልስ ይሰጣል፣ ክፍያ ይልካል፣ አይታመምም፣ ፈቃድ አይጠይቅም። የዓመቱን ቀድማችሁ ከከፈላችሁ ደግሞ ቅናሽ አለ። ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ብንለው ይሻላል። ቴክኖሎጂው ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። አሁን በብዛት የሚቀርበው ውል ግን ገዢውን የሚጎዳ ነው።

ዴሞው፣ ማለትም ሻጩ ለማሳያ የሚያቀርበው ሙከራ፣ አያታልላችሁ። በሻጩ ዳታ፣ ሻጩ በመረጠው ሥራ ላይ የሚታይ ነገር ምን ሊበላሽ ይችላል? የእናንተ ሲስተም እንደዚያ አይደለም። አንዱ ደንበኛ በሁለት ስም ተመዝግቧል። አንዱ አቅራቢ ዋጋውን ከታክስ ጋር ይልካል፣ ሌላው ያለ ታክስ። «የእነዚህን ሰዎች ክፍያ ሳትደውል እንዳትለቅ» የሚለው ደንብ የትም አልተጻፈም፤ ያለው ለዓመታት የሠራችው የሂሳብ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ኤጀንቱ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ሂሳቡንም ሥሩት። ኤጀንቱ በእያንዳንዱ እርምጃ 95 በመቶ ትክክል ነው እንበል። ጥሩ ይመስላል። ግን ሥራው 20 ተከታታይ እርምጃ ካለው፣ በመሃል የሚያርመው ሰው ከሌለ፣ እስከ መጨረሻው ሳይሳሳት የመድረስ ዕድሉ ወደ 36 በመቶ ይወርዳል። በ99 በመቶም ቢሆን 82 ገደማ ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ የአንዱን እርምጃ ቁጥር ነው፤ እናንተ የምትኖሩት ግን ከመጨረሻው ጋር ነው።

በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ይህንን የሚፈትን የይስሙላ የሶፍትዌር ኩባንያ ፈጥረው ኤጀንቶችን አሠሩ። በዚያን ጊዜ የተሻለ ውጤት ያመጣው ከሥራዎቹ 24 በመቶውን ብቻ ነው ራሱን ችሎ የጨረሰው። ኤጀንቶቹ የሚሠሩባቸው የኤአይ ሞዴሎች ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። እኔን ያስገረመኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን አንድ አጋጣሚ ነው። ኤጀንቱ በቻት ሊያነጋግረው የሚገባውን ሰው ሲያጣ፣ የሌላውን ተጠቃሚ ስም ወደሚፈልገው ሰው ስም ቀየረና ሥራውን ሊቀጥል ሞከረ። ሰው ቢሆን ማጭበርበር እንለዋለን።

ከዚህ የከፋም አለ። በፈረንጆቹ 2025 ሐምሌ ወር ሬፕሊት የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ መድረክ ኤጀንት፣ ምንም ነገር እንዳትነካ ተብሎ እያለ የአንድ ደንበኛን ዳታቤዝ አጠፋ። ቀጥሎ ዳታው ሊመለስ አይችልም አለ። ተመለሰ። የኩባንያው ኃላፊ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ «አትንካ» ብሎ መጻፍ መከላከያ አይደለም። መከላከያው መጀመሪያውኑ የመሰረዝ ፈቃድ አለመስጠት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ጽሑፍም ሌላ ጣጣ ነው። ኤጀንቱ የሚያነበውን ኢሜይልና ከአለቃው የሚሰጠውን ትእዛዝ በእርግጠኝነት አይለይም። አንድ ሰው ኢንቮይስ ውስጥ «የባንክ ሂሳቡን ወደዚህ ቀይር» የሚል መስመር በማይታይ ቀለም ቢደብቅ ሊታዘዘው ይችላል። በ2025 ማይክሮሶፍት 365 ኮፓይለት በተባለው የማይክሮሶፍት የኤአይ ረዳት ላይ የተገኘው ኢኮሊክ የተባለ የደህንነት ክፍተት ከዚህ የሚዛመድ ነው። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ፣ በተላከለት ኢሜይል ብቻ የድርጅት መረጃ ማውጣት የሚያስችል ነበር። ማይክሮሶፍት ደፍኖታል። መሠረታዊው ድክመት ግን እስካሁን አልተፈታም።

አሁን ወደ ውሉ። የብዙዎቹ ውል በደቃቅ ጽሑፍ «የውጤቱን ትክክለኛነት ማረጋገጥ የደንበኛው ኃላፊነት ነው» ይላል። ማለትም ሠራተኛ ይተካል ብለው የሸጡላችሁን ነገር የሚያጣራ ሠራተኛ መቅጠር አለባችሁ። አይ ንግድ! ጉዳት ከደረሰም የሻጩ ካሣ ብዙ ጊዜ ከከፈላችሁት ዋጋ አይበልጥም። ደንበኛችሁ ደግሞ የሚከሰው እናንተን ነው። ኤር ካናዳ ይህን አይቶታል። ቻትቦቱ ስለ ሐዘን ጉዞ ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጠ። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለተናገረው ነገር ራሱ ተጠያቂ የሆነ የተለየ አካል ነው ብሎ ተከራከረ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጉዳዩን ያየው የዳኝነት አካል በ2024 የካቲት ክርክሩን ውድቅ አድርጎ 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰነበት። ገንዘቡ ትንሽ ነው። መልእክቱ ግን ማሽኑ ይጠየቅ ማለት አያዋጣም የሚል ነው።

አከፋፈሉንም በጥንቃቄ ተመልከቱ። የሶፍትዌር ኩባንያው ሴልስፎርስ በ2024 ኤጀንትፎርስ የተባለውን ኤጀንቱን ሲያወጣ ለአንድ ውይይት 2 ዶላር ነበር ያስከፈለው። ሌሎች በእርምጃ ወይም በተጠቀመው የጽሑፍ መጠን ያስከፍላሉ። በዚህ ዓይነቱ ክፍያ ኤጀንቱ ተሳስቶ አንዱን ነገር ደጋግሞ ሲሞክር ሂሳቡ በእናንተ ላይ ይቆጥራል። «የምትከፍሉት ለተፈታ ጉዳይ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። ይሄ ይሻላል፣ ግን «ተፈታ» የሚለውን እንዴት እንደሚቆጥሩ ጠይቁ። ተስፋ ቆርጦ ዝም ያለ ደንበኛ እንደ ተፈታ የሚቆጠርበት ውል አለ።

ጭራሽ ኤጀንት ያልሆነውንም ኤጀንት ብለው ይሸጡላችኋል። ጋርትነር የተባለው የቴክኖሎጂ ገበያ ጥናት ድርጅት በ2025 ሰኔ ባወጣው ግምት፣ ኤጀንት አለን ከሚሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጮች እውነተኞቹ 130 ገደማ ናቸው። በ2027 መጨረሻ ደግሞ ከእንዲህ ዓይነት ፕሮጀክቶች ከ40 በመቶ በላይ ይሰረዛሉ ብሏል። በዚያው በ2025 የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ ኔት የተባለ የመገበያያ መተግበሪያ መሥራችን በማጭበርበር ከሷል። ክሱ እንደሚለው በኤአይ ይሠራል የተባለውን ግዢ የሚፈጽሙት ፊሊፒንስ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ታዲያ ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል። የገቡ ኢሜይሎችን መለየት፣ የመልስ ረቂቅ መጻፍ፣ ኢንቮይስን ከግዢ ትእዛዝ ጋር አስተያይቶ የማይገጥመውን ማሳየት፤ እነዚህን በደንብ ይሠራል። ስህተቱን ሰው በቶሎ የሚያይበት ሥራ ከሆነ ግዙት።

ስትገዙ ግን የዓመት ቅድሚያ ክፍያ አትክፈሉ። መልሱን አስቀድማችሁ በምታውቁት ያለፈ ወር ሥራ ላይ፣ በራሳችሁ ዳታ ፈትኑት። በመጀመሪያዎቹ ወራት የማንበብ ፈቃድ ብቻ ስጡት። ገንዘብ የሚወጣበት፣ የሚሰረዝ ወይም ለደንበኛ የሚላክ ነገር ካለ ሰው ሳያጸድቅ አይለፍ። የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብ ሎግ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሻጩ ዘንድ ብቻ ከሆነ ክርክር ሲነሳ ማስረጃው በባላጋራችሁ እጅ ነው። የወር ወጪ ጣሪያም ውሉ ውስጥ ይግባ፤ ሲደርስ ኤጀንቱ ራሱ እንዲቆም። ለኤጀንቱ የከፈታችሁትን አካውንትም ሻጩን ሳትጠብቁ በማንኛውም ሰዓት ራሳችሁ መዝጋት እንደምትችሉ ከመፈረማችሁ በፊት ሞክሩት።