የሰናፍጭ ዘይት ወይስ የኑግ? ለድስት፣ ለምጣድ፣ ለገላ

እዚህ ደሴ ጎረቤቶቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «የሰናፍጭ ዘይት ለወጥም ለፀጉርም ይሆናል ይላሉ፤ እንግዛው?»

ለወጥ ከሆነ ኑግ ግዙ። የጾም ሽሮ ላይ ጠብ ሲል ሽታው ከጓዳ እስከ ደጅ ይደርሳል። ጉድለቱ ቶሎ መበላሸቱ ነው። እኔ ከ2 ሊትር በላይ አልገዛም፤ ጨለማ ቦታ ነው የማስቀምጠው። ማቆየት የሚፈልግ ሰሊጥ ይግዛ። ፓልም ደግሞ በደሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት ረግቶ ከጀሪካኑ አልወጣም ይላል፤ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው።

የሰናፍጭ ዘይት ሌላ ጉዳይ ነው። በህንድና በባንግላዴሽ ያሉ ቤንጋሎች ጭስ እስኪል አግለው ዓሣ ይጠብሱበታል፤ ያን ጊዜ መሰንፈጡ ይበርዳል። ግን ኤሩሲክ አሲድ የሚባል ስብ በብዛት አለው። በእንስሳት ላይ ሲሞከር ልብ ጎድቷል። አሜሪካ ውስጥ «ለውጭ አካል ብቻ» ተብሎ ተጽፎበት የሚሸጠው ለዚህ ነው። የኛ ጎመን ዘርም የሰናፍጭ ዘመድ ነው፤ ያው አሲድ አለበት። ስለዚህ ሁለቱንም ለዕለት ወጥ አልመክርም።

ጎመን ዘር ቦታው ምጣድ ላይ ነው! ወቅጬ የጋለው ምጣድ ላይ በተን አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በጨርቅ እየዞርኩ አሻለሁ። ዘይቱ ይወጣል፣ ምጣዱ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። እንጀራው ሲነሳ አይያዝም፣ ዓይኑም ያምራል። ለዚህ የተጨመቀ ዘይት መግዛት ብር ማባከን ነው። አንድ ጣሳ ዘር ለወራት ይበቃል።

ለፀጉርና ለገላ የሰናፍጭ ዘይት የምትፈልጉ፣ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ሞክሩ። አራስ ልጅ ላይ ግን በፍጹም አትቀቡ። ቆዳው ገና ስስ ነው፤ ያስቆጣዋል።

ለማባያም ከዘይቱ ይልቅ የሰናፍጩን ዘር ግዙ። ደረቁን ብታሸቱት ምንም አይልም፤ ተደቁሶ ውሃ ሲነካው ነው አፍንጫ የሚሰነፍጠው።

ሰኞ ባቲ ወርዳችሁም ሆነ እዚሁ ስትገዙ፣ ዘሩን መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ እዩት። በ1998 እ.ኤ.አ. ዴልሂ ውስጥ የሰናፍጭ ዘይት ውስጥ የእሾሃም አረም ዘይት ተቀላቅሎ ብዙ ሰው ታሟል፣ የሞተም አለ። የአረሙ ዘር ሰናፍጭ ይመስላል። ጎመን ዘር ድቡልቡልና ለስላሳ ነው። መሐሉ ሸካራ ጥቁር ፍሬ ካያችሁ መልሱለት።