የፖም ክራምብል ወይስ የማንጎ?

ክራምብል፣ ማለትም ፍራፍሬን በቅቤ በታሸ የዱቄት ፍርፋሪ ሸፍኖ፣ ለየሰው በየትንሽ ሳህኑ መጋገር፣ በጎጃም ቤቶችም በሚገባ ይቻላል። ምርጫው ከሥር የሚገባው ፍሬ ላይ ነው።

ፖም ቅርጹን ይይዛል። በተፈጥሮው ባለው ፔክቲን (ጭማቂን የሚያረጋ ንጥረ ነገር) ጭማቂው ስለሚወፍር ፍርፋሪው ከሥሩ አይረጥብም። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ፍሬውም ቶሎ አይለሰልስም። አወፍሮ የከተፈ ሰው ላዩ ቡናማ፣ ውስጡ ግን ገና ጥሬ የሆነ ፖም ያወጣል። ስለዚህ በስሱ ከትፎ፣ በጥቂት ውኃና ስኳር 5 ደቂቃ ቀድሞ ማብሰል፣ ከዚያም በ180 ዲግሪ 30 ደቂቃ መጋገር ነው።

ማንጎ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ስኳር እምብዛም አይፈልግም፤ በ25 ደቂቃም ይደርሳል። ጭማቂው ግን ብዙ ነው። ጠንከር ያለውን መርጠው፣ ሎሚ ጠብ አድርገው፣ አንድ ማንኪያ ዱቄት ካልነሰነሱበት ፍርፋሪው ይሰምጣል።

ፍርፋሪው ለሁለቱም አንድ ነው፦ ለአራት ሳህን 100 ግራም ዱቄት፣ 50 ግራም ቅቤ፣ 50 ግራም ስኳር። ከዱቄቱ ሲሶውን ጤፍ ያድርጉት። ጎጃም ተቀምጦ ጤፍን ለእንጀራ ብቻ መተው ያሳዝናል! ቅቤው ለጋና ቀዝቃዛ ይሁን፤ የቀለጠ ቅቤ ዱቄቱን ወደ ሊጥ ይለውጠዋል፣ በቅመም የተነጠረው ደግሞ የፍሬውን ጣዕም ይጋርዳል።

እኔ ለእንግዳ ፖሙን አቀርባለሁ። ከሥራ ተመልሶ ለልጆች ለሚጋግር ሰው ግን ማንጎው ይሻላል።