ጨለማ ቁስን የት እንፈልገው? ክላስተር ወይስ ድንክ ጋላክሲ

ጨለማ ቁስ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቀው ቁስ፣ አይታይም። ቅንጣቶቹ ተጋጭተው የሚጠፋፉ ከሆነ ግን ጋማ ጨረር (ከብርሃን ዓይነቶች ሁሉ ኃይለኛው) ሊወጣቸው ይችላል። ታዲያ ቴሌስኮፑን ወዴት እናዙር?

የጋላክሲ ክላስተር፣ ማለትም በስበት የተሳሰረ የብዙ ጋላክሲዎች ስብስብ፣ መጀመሪያ ሲያዩት ያጓጓል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ጨለማ ቁስን የጠረጠረው የኮማ ክላስተርን አይቶ ነው፤ ጋላክሲዎቹ የሚታየው ቁስ በስበቱ ሊይዛቸው ከሚችለው በላይ ይፈጥኑ ነበር። ከክላስተር ክብደት አብዛኛው ጨለማ ቁስ ነው። ችግሩ ጫጫታው ነው። የፐርሲየስ ክላስተርን እንውሰድ። መሃሉ ላይ የተቀመጠው ኤንጂሲ 1275 ጋላክሲ ራሱ በጋማ ጨረር ቦግ ብሎ ይታያል። በዚያ ላይ ኮስሚክ ጨረሮች (በህዋ የሚወረወሩ ፈጣን ቅንጣቶች) ከክላስተሩ ጋዝ ጋር ሲላተሙ ጋማ ሊፈጥሩ ይችላሉ። የቱ የማን እንደሆነ መለየት ራስ ያዞራል።

ድንክ ጋላክሲዎች ደግሞ ድሃ ናቸው፤ ጥቂት ኮከብ፣ ጋዝማ የለም ማለት ይቻላል። ድህነታቸው ግን ለእኛ ሲሳይ ነው። ከዚያ ጋማ ቢመጣ ሌላ ተጠርጣሪ ብዙም የለም። ቅርብም ናቸው፦ ድራኮ የተባለው ድንክ ወደ 260 ሺህ የብርሃን ዓመት ቢርቅ ነው፤ ኮማ ከ300 ሚሊዮን በላይ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የመጠቀው የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ ፌርሚ ሁለቱንም ቃኝቷል፤ የተረጋገጠ ምልክት አልተገኘም። ምረጥ ብባል ድንኮቹን እይዛለሁ። ቅንጣቶቹ ሳይጋጩ በራሳቸው የሚፈርሱ ከሆነ ግን የምልክቱ ብርታት በጠቅላላው የጨለማ ቁስ ክብደት ላይ ስለሚመካ ወደ ክላስተሩ እመለሳለሁ።