እናቴ ሞራዋ የተገፈፈበት የዓይን ክሊኒክ

ዘንድሮ ለእረፍት ሀገር ቤት ስገባ ከሁሉም በፊት ያሰብኩት የእናቴን ዓይን ማሳከም ነበር። ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው ሰው የምትለየው በድምፁ ነበር። በቆይታዬ ባንክም ሆቴልም የመኪና ኪራይም ተጠቅሜአለሁ፤ ሥራቸውን በአግባቡ ሠርተዋል፣ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። በዝርዝር መጻፍ የምፈልገው ስለ ዓይን ክሊኒኩ ነው።

ከካርድ ክፍሉ ልጀምር፣ ቅር ያሰኘኝ እሱ ነውና። ተራ የሚሰጠው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚታየው ደግሞ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስክሪን ብቻ ነው። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ተራቸው አልፎ ኖሮ እኔ አንብቤ ነገርኳቸው። ማየት የተሳነው ሰው በሚመጣበት ቤት ቁጥሩን በድምፅ የሚጠራ ሰው መመደብ ምን ይከብዳል? ይህንኑ ለኃላፊዋ ነግሬአታለሁ።

የምርመራ ክፍሉ ግን ሌላ ዓለም ነው። እናቴን የተቀበለቻት የዓይን ነርስ መጀመሪያ እግሮቹ ወደ ተለያየ አቅጣጫ የዞሩ የE ቅርጽ ያላቸው ምልክቶች ያሉበትን ሰሌዳ አሳየቻት። ፊደል ማወቅ አያስፈልግም፤ እግሮቹ ወደየት እንደዞሩ በእጅ ማመልከት ይበቃል። እናቴ ትልቁንም አላየችውም። ነርሷ ቀርባ ጣቶቿን አስቆጠረቻት፤ ያም አልሆነም። ከዚያ ትንሽ ባትሪ አብርታ «እናቴ፣ ብርሃኑ በየት በኩል መጣ?» እያለች ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ ጠየቀቻት። እናቴ ሁሉንም በትክክል መለሰች። ነርሷ ወደ እኔ ዞር ብላ ይህ ጥሩ ምልክት እንደሆነ፣ ከሞራው በስተጀርባ ያለው ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ የዓይን ክፍል፣ ብርሃን እየተቀበለ መሆኑን እንደሚጠቁም አስረዳችኝ። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ መግለጽ ያቅተኛል።

ቀጥሎ በሞራው ምትክ ዓይን ውስጥ የሚተከለውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ልክ ለማወቅ የዓይኗን ርዝመት ለካች። ሞራው በጣም ስለወፈረ በብርሃን የሚለካው መሣሪያ ሊያነብ አልቻለም፤ በአልትራሳውንድ መለካት ግድ ሆነ። የመሣሪያው ጫፍ ዓይኑን ስለሚነካ በጥቂቱም ቢሆን ከተጫኑት ዓይኑ አጥሮ ይነበባል። የአዋቂ ሰው ዓይን ርዝመት 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት በመነጽር ቁጥር ላይ ከ2.5 እስከ 3 ዲዮፕትር (የመነጽር ኃይል መለኪያ) የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ ነርሷ ውጤቶቹ እስኪቀራረቡ ድረስ ያለ መሰላቸት ደጋግማ ለካች። ስለ ቀዶ ሐኪሙ ሁሉም ያወራል፤ የሚተከለው ሌንስ ልክ የሚወሰነው ግን በዚህች ክፍል ነው።

እናቴ ባዕድ ነገር ዓይኗ ውስጥ ሊገባ ነው ብላ ፈርታ ነበር። ነርሷ ሌንሱ ዕድሜ ልክ እንደሚቆይና እንደማይቀየር ነገረቻት። እኔም በ1949 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ የመጀመሪያውን ሌንስ ለንደን ውስጥ እንደተከለ አጫወትኳት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎችን አይቶ ነው ያንን ፕላስቲክ ዓይን እንደሚችለው የተረዳው። ቀዶ ሕክምናው በማደንዘዣ ጠብታና መርፌ በአጭር ጊዜ አለቀ፤ መጀመሪያ አንዱ ዓይን ብቻ ተሠራ።

ስንወጣ መድኃኒት የሰጠን ባለሙያ ስለ ጠብታዎቹ የነገረን በችኮላ ነበር። በማግስቱ ለክትትል ስንመለስ ያችው ነርስ «እንዴት እንደሚጨምሩት ያሳዩኝ» አለቻት። እናቴ አከታትላ ስትጨምር ጠብታው ጉንጯ ላይ ፈሰሰ። ነርሷ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ስቦ አንድ ጠብታ ብቻ መጨመር፣ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በቀስታ መጫን፣ ሌላውን ጠብታ ለመጨመር 5 ደቂቃ መቆየት እንደሚገባ እጇን ይዛ አለማመደቻት። ሕመም፣ መቅላት ወይም የእይታ መቀነስ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያው መምጣት እንዳለብንም አስጠነቀቀችን።

እንደ እኔ ለአጭር ጊዜ የምትገቡ ሁሉ ቀዶ ሕክምናውን በቆይታችሁ መጀመሪያ አድርጉት። ጠብታው ለሳምንታት ይቀጥላል፤ የመነጽር ልኬት የሚወሰደውም ዓይኑ ከረጋ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። የተተከለው ሌንስ ቁጥር የተጻፈበትን ካርድም ሳትቀበሉ አትውጡ፤ ሁለተኛው ዓይን ሲሠራ ሐኪሙ ይፈልገዋል።