እጃቸው ይባረክ፦ ሳውናችንን ለሠሩልን አናጺ

እዚህ ሚኒሶታ ያላችሁ፣ በተለይ ጓሮ ወይም ቤዝመንት ውስጥ ሳውና ለማሠራት የምታስቡ ወገኖች፣ ይህን አንብቡልን። ሰሞኑን ሥራቸውን ጨርሰው ያስረከቡንን አናጺ በአደባባይ ማመስገን እንፈልጋለን። ከፊንላንድ መጥተው በሰሜን ሚኒሶታ የብረት ማዕድን አካባቢ ከሰፈሩት ሰዎች የተወለዱ ሽማግሌ ናቸው። ብዙዎቻችን ከስቲም ጋር የምናምታታውን ሳውና እሳቸው እንደ ወጉ ያውቁታል።

ክፍሉ ትንሽ ነው፤ 1.8 በ1.8 ሜትር፣ ቁመቱ 2.3። ያመሰገንናቸው ከሁሉ በላይ ጣውላው ከተመታ በኋላ ማንም ስለማያየው ሥራ ነው። በምሶሶዎቹ መሃል ሮክ ዉል (ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዝ፣ ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ሞሉ፤ በላዩ የአሉሚኒየም ፎይል፣ የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ውስጥ አዙረው። መጋጠሚያውን ሁሉ በአሉሚኒየም ቴፕ አሸጉና በባትሪ እያበሩ በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ተጭነው ሄዱበት። በምስማር የተበሳች ቀዳዳ እንኳ አላመለጠቻቸውም። እንፋሎት በዚያ ከሾለከ ሮክ ዉሉ ውስጥ ይገባል፣ በክረምቱ ብርድ ውሃ ይሆናል፣ ምሶሶው ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ግን ለዓመታት አይታወቅም። በፎይል ፈንታ ተራ ፕላስቲክ የሚለጥፉ አሉ፤ በሳውና ሙቀት ስለሚለሰልስ እንዳትቀበሉ። ከፎይሉ ላይ ቀጭን ሞራሌ መትተው 2 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ ጣውላው ከጀርባውም አየር አግኝቶ እንዲደርቅ።

ጣውላው ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የሚመጣው ቀይ ሴዳር ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ዝግባ ከሚለው ከሊባኖሱ ዛፍ ጋር በስም ቢመሳሰልም የሥጋ ዘመዱ የኛው ጥድ ነው። ፊንላንድ ውስጥ የቆየው ልማድ ስፕሩስ፣ አስፐን ወይም አልደር እንደሆነ፣ ሴዳር ግን የአሜሪካ ወግ እንደሆነ አናጺው ሳይሸሽጉ ነገሩን። የመረጥነው ቀላል ስለሆነ፣ ሙጫ ስለማያንጠባጥብና እርጥበት ስለሚችል ነው። ሲሞቅም ገላ አያቃጥልም። ምስማሩ ሁሉ ስቴንለስ ነው፤ ተራ ብረት ሴዳር ላይ ጥቁር እንባ ያወርዳል። ወንድና ሴት ሆኖ የሚጋጠመውን ጣውላ አግድም ሲደረድሩ ወንዱን ወደ ላይ አደረጉት፤ ተገልብጦ ቢሆን ውሃ ሴቴው ውስጥ ይተኛ ነበር። ቫርኒሽም ቀለምም ውስጡን አልነካም፤ ሲሞቅ የሚተነው ወደ ሳንባ ነው የሚገባው። የሴዳር ብናኝም ለመተንፈሻ አካል ስለማይስማማ ጣውላውን ውጭ፣ ጭምብል አድርገው ነበር የሚቆርጡት።

መደቡ ላይ ነው ብዙ ሠራተኛ የሚሳሳተው። ሙቀት ኮርኒሱ ሥር ስለሚከማች መደብ ዝቅ ካለ ጭንቅላት እየተቃጠለ እግር ይበርዳል። የላይኛው መደብ 1.2 ሜትር ላይ፣ የእግር መርገጫው 75 ሴንቲሜትር ላይ ተሠራ፤ የምድጃው ድንጋይ ከእግር በታች እንዲውል አጭር ምድጃ አስመረጡን። የመደቡ ስፋት 60 ሴንቲሜትር፣ በርብራቦቹ መሃል የጣት ያህል ክፍተት አለ። ብሎኑ በሙሉ ከሥር ነው የገባው፤ የጋለ ብረት ላይ የተቀመጠ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

የክፍሉ ይዘት 7.5 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ አንድ ኪሎዋት በሚለው ስሌት 8 ኪሎዋት ምድጃ ገባ። ይህ በ240 ቮልት 33 አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ የራሱ መስመርና ብሬከር ይፈልጋል። አናጺው ኤሌክትሪኩን አልነኩም፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ካልመጣ ብለው ሥራውን አቆሙ። ንጹሕ አየር ከምድጃው በላይ ይገባል፣ ከመደቡ ሥር በትንሽ ፋን ይወጣል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ቁልፍ የሌለው፣ እጀታውም እንጨት ነው።

ድንጋዩን ሲደረድሩ ማየት ደስ ይል ነበር። አንድ በአንድ አጠቡት፣ ትልልቁን ከታች ትንንሹን ከላይ አድርገው፣ ጣት በሚያስገባ ልቅነት አስቀመጡት። ጠቅጥቀው የሚሞሉት አየር ስለማያልፍ የምድጃው ሽቦ ቶሎ ይቃጠላል። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ደግሞ በውስጡ ውሃ ከያዘ ሊፈነዳ ይችላል።

መጀመሪያ ምድጃውን ሰው ሳይገባ፣ በር ተከፍቶ አነደዱት፤ የፋብሪካው ዘይት ተኖ እንዲያልቅ። አሁን ክፍሉ በ45 ደቂቃ 85 ዲግሪ ሴልሲየስ ይደርሳል። ግማሽ ጭልፋ ለብ ያለ ውሃ ድንጋዩ ላይ ሲፈስ ጩኸት ብዙም የለው፤ ትንሽ ቆይቶ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ለስላሳ ሙቀት ይመጣል። ፊንላንዶች ሎይሉ የሚሉት ይህንን ነው። 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ወጥቶ መቀዝቀዝ፣ ውሃ መጠጣት፣ መመለስ። ፎጣ አንጥፉ፣ አልኮል አትጠጡ፤ ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ሲያበቃ በሩን ከፍቶ ምድጃውን ሳያጠፉ 20 ደቂቃ ያህል መተው እንጨቱን ያደርቀዋል።

ሒሳቡን እንጨት፣ ምድጃ፣ ጉልበት ብለው ለይተው በጽሑፍ ሰጥተውናል፤ በመጨረሻም ከዚያ አላለፈም። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ወረፋ አለ፤ ለክረምት የምትፈልጉ በበጋው ቀድማችሁ ያዙ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ለክታችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።