አዲስ ሚሊንግ ማሽን ያስመጣችሁ፣ እጀታውን ከመንካታችሁ በፊት እኚህን ሰው ጥሩ

ኮምቦልቻ ላለው ወርክሾፓችን የገዛነው ሚሊንግ ማሽን (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) በሰላም ገብቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ዱአ ያደረጋችሁልን ሁሉ ኑሩልን። ይህን የምጽፈው ግን ማሽኑን አጽድተው ለፈተሹልን የደሴ ባለሙያ ነው። ስሜን እንዳታወጣ ስላሉኝ እንደ ልጆቹ «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ማሽኑ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ነው የመጣው። የባህር አየር ብረቱን እንዳያዝገው በወፍራም ቅባት ተለቅልቋል። በዚያ ላይ የመንገዱ አቧራ! አንዱ ልጃችን ቸኩሎ እጀታውን ሊያዞር ሲል ጋሼ «ተው ልጄ፣ አሸዋ ልትፈጭበት ነው?» አሉት። ቅባቱ ውስጥ የተቀበረ አሸዋ የሚቀረጸው ብረት የሚታሰርበት ጠረጴዛ ሲንቀሳቀስ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ይቧጭረዋል። የተቧጨረ ሐዲድ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይስተካከልም።

መጀመሪያ የሚታየውን ሁሉ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ጠረጉ። ቤንዚን ብናቀርብላቸው «እሳት ልታስነሱ ነው?» ብለው መለሱት። ኮምፕረሰርም አላስነኩም፤ ንፋሱ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከዚያ ጠረጴዛውን ትንሽ ገፋ፣ አዲስ የወጣውን ጠረግ፣ ዘይት ቀባ፣ እንደገና ገፋ። ጨርቁን እየገለበጡ ወደ ብርሃን ያዩታል። ጥቁር ነገር ካለበት እንደገና ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ፍተሻው ነው። የዘይት ፓምፑን እየጎተቱ ዘይቱ በየቦታው መድረሱን አንድ በአንድ አዩ። ከኋላ በኩል ያለች ቀጭን ቱቦ በቅባት ተደፍናለች። እሳቸው ባያዩዋት ኖሮ ሐዲዱ ደርቆ ሲበላ ነበር የምናውቀው። መቁረጫውን ይዞ የሚሽከረከረው ዘንግ፣ ስፒንድሉ ላይ፣ ጥቃቅን መወላገድ የሚለካ ዳያል ጌጅ ደግነው በእጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩ፤ መርፌዋ ከ0.01 ሚሊ ሜትር አላለፈችም። እጀታው ላይ ያለውን ባዶ ዙር (አቅጣጫ ሲቀየር ጠረጴዛው ሳይንቀሳቀስ እጀታው ብቻ የሚዞረውን) ግን አድበስብሰው አላለፉትም። በእንዲህ ዓይነት ማሽን ትንሽ ክፍተት ያለ ነው፣ ስትለኩ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ኑ ብለው ለልጆቹ አሳዩዋቸው።

ሞተሩ ሲነሳ ወደ ኋላ ዞረ። ሁላችንም ክው አልን። «አብሽሩ» አሉና መብራቱን አስጠፍተው ከሦስቱ ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመሮች) ሁለቱን አቀያየሩ፤ አለቀ። ለዚህ ነው ለካ መቁረጫውን ሳናስር እንሞክረው ያሉት።

ዋጋቸውን ቀድመው ይናገራሉ፤ ሥራው መሀል ላይ ጭማሪ የሚባል ነገር የለም። ደሴም ኮምቦልቻም ይሠራሉ። ነጭ ጋዝ፣ ብዙ የጥጥ ጨርቅና የማሽኑን ዘይት አዘጋጅታችሁ ጠብቋቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም፣ በዚህ በኩል ያናድዳሉ። ከመግሪብ በኋላ ደውሉ።