በአንድ ገመድ «ባለ ሁለት ቱነር» የሚሸጡላችሁን አትመኑ

ሀዋሳ ውስጥ ባለ ሁለት ቱነር ሪሲቨር ከነዲሹና ከነገጠማው ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ቱነር ከዲሹ የሚመጣውን ስርጭት የሚይዘው የሪሲቨሩ ክፍል ነው፤ ሁለት ሲሆን አንዱን ቻናል እያዩ ሌላውን ለመቅዳት ያስችላል። በመናኸሪያና በታቦር ክፍለ ከተማ በማውቃቸው ቤቶች አንድ ዓይነት ማታለል ሲደጋገም አይቻለሁ። ሪሲቨሩ በእርግጥም ባለ ሁለት ቱነር ነው፤ ዋጋውም የተራውን እጥፍ ይጠጋል። ከጣሪያው ወደ ሳሎን የወረደው ገመድ ግን አንድ ብቻ ነው። እንዲህ በተገጠመበት ቤት ሁለተኛው ቱነር ስሙ እንጂ ሥራው የለም፤ ባለቤቱ ግን የከፈለው ለሁለቱም ነው።

አክስቴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። አክስቴ ማታ ማታ ድራማ ትከታተላለች፣ ልጆቿ ደግሞ ኳስ ይወዳሉ። ሊገጥም የመጣው ሰው «እትዬ፣ እርስዎ ድራማዎን ሲያዩ ልጆቹ ኳሱን በፍላሽ ይቀዱታል፤ ከእንግዲህ በሪሞት መጣላት የለም» አላት። ከዚያም ዓይኗ እያየ ሞከረላት። አንድ የኢትዮሳት ቻናል መቅዳት ጀመረ፣ ወደ ሌላ ቻናል ቀየረ፣ ሁለቱም ያለ ችግር ሠሩ። አክስቴ መርቃ ከፍላ ሸኘችው። ቅዳሜ ልጆቹ ናይልሳት ከተባለው ሌላ ሳተላይት ጨዋታ መቅዳት ሲጀምሩ ግን እሷ ቻናል በቀየረች ቁጥር ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ «ሲግናል የለም» ይላል። ሲደወልለት መጀመሪያ «ዝናቡ ነው» አለ። ሰማዩ ሲጠራ «ሶፍትዌሩ መታደስ አለበት» አለ። በመጨረሻ ለማስተካከያ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ። ጡረተኛ ሴት በቆጠበችው ገንዘብ ላይ እንዲህ መቀለድ በጣም ያሳዝነኛል፤ ይህን እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

ሰዎች የሚሸነፉት በዚያ ሙከራ ስለሆነ ምን እንዳሳያት በደንብ እንመልከተው። የኢትዮሳት ቻናሎች የሚተላለፉት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ከምትገኘው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ነው። ዲሽ የሚገጥሙ ሰዎች በቃላቸው የያዙት 11545 ሆሪዞንታል 45000 (የሞገዱ ቁጥር ወይም ፍሪኩዌንሲ፣ አቅጣጫውና የመረጃው ፍጥነት ማለት ነው) ብቻውን በርካታ ቻናሎችን ይዟል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካሉት ቻናሎች አንዱን እየቀዱ ሌላውን ማየት ደግሞ መቅጃ ያለው ባለ አንድ ቱነር ሪሲቨርም ይችላል። ወደ ሌላው የኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲ ወደ 11105 ቢቀየርም እሱም ሆሪዞንታልና ከ11700 በታች ስለሆነ፣ ቀጥሎ በማስረዳው ምክንያት በአንድ ገመድ ይሠራል። ስለዚህ በኢትዮሳት ብቻ የሚደረግ ሙከራ ሁለተኛው ቱነር በትክክል መገጠሙን ፈጽሞ አያረጋግጥም። ገጣሚው ይህን ያውቃል። ካላወቀም ያንን ሪሲቨር ሊገጥም አይገባውም ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዲሹ ፊት ያለው ኤልኤንቢ በአንድ ገመድ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አያወርድም። ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ እንደ አቅጣጫው ቨርቲካል (ቀጥ ያለ) እና ሆሪዞንታል (አግድም) ተብሎ ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ከ10700 እስከ 11700 ሜጋ ኸርዝ ያለ ዝቅተኛ ክፍልና ከዚያ እስከ 12750 የሚደርስ ከፍተኛ ክፍል አለው። በድምሩ አራት ማለት ነው። ሪሲቨሩ ቨርቲካል ሲፈልግ በገመዱ 13 ቮልት ወደ ላይ ይልካል፣ ሆሪዞንታል ሲፈልግ 18 ቮልት፤ ከፍተኛው ክፍል ሲፈለግ የ22 ኪሎ ኸርዝ ምልክት ይጨመርበታል። ኤልኤንቢው ከአራቱ የታዘዘውን አንዱን ብቻ ያወርዳል። በአንድ ገመድ ላይ በአንድ ጊዜ 13ም 18ም ቮልት መላክ አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቱነር ቨርቲካል እየቀዳ ሳለ ሁለተኛው ሆሪዞንታል ቢጠይቅ የሚያዳምጠው የለም። ናይልሳት ላይ በሁለቱም ክፍሎች ቨርቲካልም ሆሪዞንታልም ስላለ ጉድለቱ ወዲያው ይጋለጣል።

«ችግር የለም፣ በስፕሊተር አንዱን ገመድ ለሁለት እከፍለዋለሁ» የሚላችሁ አለ። ስፕሊተር ከላይ የወረደውን ያንኑ አንዱን ለሁለት ያካፍላል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም። ከሪሲቨሩ ጀርባ ከአንዱ ቱነር ወደ ሌላው በአጭር ገመድ ማገናኘትም ውጤቱ ያው ነው። በሰፊው የማይታወቅ አንድ መንገድ መኖሩን ግን መደበቅ አልፈልግም፤ ዩኒኬብል የሚባል ልዩ ኤልኤንቢ በአንድ ገመድ ሁለት ቱነር ያሠራል። ኤልኤንቢውም ሪሲቨሩም ለዚያ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ሻጩ ይህን ካለ ሁለቱም ካርቶኖች ላይ ተጽፎ ያሳያችሁ።

ከዚህ የባሰም አለ፤ ጨርሶ ባለ ሁለት ቱነር ያልሆነውን ነው ብለው የሚሸጡ። ከሪሲቨሩ ጀርባ ሁለት የገመድ መግጠሚያ አሳይተው «ይኸው ሁለት ነው» ይላሉ። አንዱ ላይ «ኤልኤንቢ ኢን» (መግቢያ)፣ ሌላው ላይ «ኤልኤንቢ አውት» የሚል ከሆነ ቱነሩ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ምልክቱን ወደ ሌላ ሪሲቨር የሚያሳልፍ መውጫ ነው። ሁለቱም «ኢን» መሆን አለባቸው። ሌላው ደግሞ ኮምቦ የሚባለው ነው፤ አንዱ ቱነር ለዲሽ፣ ሁለተኛው በቤት አንቴና ለሚያዝ ምድራዊ ዲጂታል ስርጭት የተሠራ ነው። ካርቶኑ ላይ «ኤስ 2» እና «ቲ 2» የሚል ካያችሁ ለዲሽ የሚያገለግለው አንዱ ብቻ መሆኑን እወቁ። ዕቃው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ጥፋቱ ያልሆነውን ነው ብሎ በዚያ ዋጋ መሸጥ ነው።

በትክክል የተገጠመ ቤት ምን እንደሚመስል ማወቅ ከማንኛውም ክርክር ያድናችኋል። ኢትዮሳትንና ናይልሳትን የሚፈልግ ቤት ሁለት ዲሽ ያስፈልገዋል። ከሀዋሳ ሲታይ ናይልሳት በምዕራብ፣ በሀይቁ አቅጣጫ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ኢትዮሳት በምሥራቅ በኩል ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ 67 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በመካከላቸው 64 ዲግሪ ስላለ ሁለቱን በአንድ ዲሽ እሠራለሁ የሚለውን ሰው ከበር መልሱት። በምዕራብ በኩል ትልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ ደግሞ ለናይልሳቱ ዲሽ ቦታ መምረጥ ግድ ይለዋል፤ በከተማችን ይህ ብዙዎችን ያስቸግራል።

እያንዳንዱ ዲሽ ላይ ባለ ሁለት አፍ፣ ማለትም ሁለት ገመድ የሚታሰርበት ኤልኤንቢ ይገጠማል። ከሁለቱ ዲሾች አራት ገመዶች ይወጣሉ። አራቱ ወደ ሁለት ዳይሴክ (ሪሲቨሩ ሲያዘው ከአንዱ ዲሽ ወደ ሌላው የሚቀይር ትንሽ ዕቃ) ይገባሉ፤ ለእያንዳንዱ ዳይሴክ ከየዲሹ አንድ አንድ ገመድ ይደርሰዋል። ከዳይሴኮቹ ሁለት ገመዶች ወደ ቤት ወርደው በሁለቱ «ኢን» ላይ ይታሰራሉ። ኢትዮሳትን ብቻ የሚያይ ሰው አንድ ዲሽ ይበቃዋል፣ ዳይሴክም አያስፈልገውም። በግድግዳው በኩል የሚገቡትን ገመዶች ቁጠሩ፤ ይህን ለማድረግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የገመዱን ልብም ተመልከቱ። ማግኔት ከያዘው ብረት ላይ መዳብ የተቀባ ነው፤ ርቀቱ ሲረዝም ወደ ላይ የሚሄደውን ቮልት ያደክመዋል። ሙሉ መዳቡን ጠይቁ።

ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሙከራውን እናንተ ምረጡ። ናይልሳት ላይ አንድ ቨርቲካል ቻናል መቅዳት ጀምሩና ወደ ሆሪዞንታል ቻናል ቀይሩ። ከዚያ አንዱ ከ11700 በታች፣ ሌላው ከዚያ በላይ የሆኑ ሁለት ቻናሎችን ሞክሩ። በመጨረሻ ከናይልሳት እየቀዳችሁ ኢትዮሳትን ክፈቱ። ፍሪኩዌንሲውና «ቪ» ወይም «ኤች» የሚለው ፊደል የሪሞቱን «ኢንፎ» ቁልፍ ስትጫኑ ይታያል። ገጣሚው «ጊዜ የለኝም፣ ሌላ ቤት ይጠብቀኛል» ቢል ገንዘቡም ይጠብቀው።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሸኙት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ለሸጠው ዕቃና ለሰጠው አገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ደረሰኙ ላይ «ዲሽ ከነሪሲቨሩ» ተብሎ በደፈናው አይጻፍ፤ ሪሲቨሩ ሁለት የሳተላይት ቱነር እንዳለው፣ ኤልኤንቢው ባለ ሁለት አፍ እንደሆነ፣ ስንት ገመድ እንደተዘረጋ ይጻፍበት። አክስቴ የተሰጣት አንድ ቁራጭ ወረቀት የሚለው ዋጋውን ብቻ ስለነበር አቤቱታ ልናቀርብ ስንነሣ ምን እንደተሸጠላት ማሳየት አቃተን።

ቀድሞ የተገጠመላችሁ ደግሞ ሪሲቨሩን በርካሽ ለመሸጥ አትቸኩሉ። ሁለቱም መግጠሚያዎቹ «ኢን» ከሆኑ ዕቃው ደህና ነው፤ የጎደለው ባለ ሁለት አፍ ኤልኤንቢ፣ ሁለተኛ ዳይሴክና ሁለተኛ ገመድ ነው። ይህን መጀመሪያ የገጠመው ሰው በራሱ ወጪ እንዲያሟላ ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ባለሙያ ጥሩና ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ሁለተኛው ቱነር በራሱ ገመድ እንደሚሠራ አድርጎ እንዲያስተካክለው አሳስቡት፤ ይህ ከተረሳ ገመዱ ተዘርግቶም ሪሲቨሩ እንደ ባለ አንድ ቱነር መሥራቱን ይቀጥላል።